ከግቢያችን የወጣው ጽዋ

የልጄ ባል ጥሩ ሰው ነው ይሉኛል። ደመወዙን አምጥቶ ለሚስቱ ይሰጣል፣ አይጠጣም፣ እሁድ እሁድ ልጆቹን ይዞ ይወጣል። እኔ ግን አልወደውም። ለምን እንደማልወደው ሲጠይቁኝ የምለው ጠፍቶኝ ነበር፤ ከወር በፊት አንድ ቅዳሜ ራሱ በአፉ አቀበለኝ። ግማሽ ግድግዳ የሚሸፍን ቴሌቪዥን ገዝቶ የአሜሪካኖቹን የእርስ በርስ ጦርነት ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ያያል። ሰማያዊ የለበሱት ከሰሜን፣ ግራጫ የለበሱት ከደቡብ መጥተው በሳንጃ ይሞሻለቃሉ። ትልቁ የልጅ ልጄ ለምን እንደሚዋጉ ጠየቀው። በባሪያ ምክንያት ነው አለው፤ ግማሾቹ ይቅር አሉ፣ ግማሾቹ አይቀርም አሉ፣ በዚህ አገሩ ለሁለት ተከፍሎ ወንድም ወንድሙን ገደለ ብሎ አስረዳው። እስከዚህ ድረስ ደህና ተናገረ። ከዚያ እግሩን አነባብሮ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። የነበሩትም ቢሆኑ እንደ ቤተሰብ ነበር የሚያዙት" አለ። ተነስቼ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ልጆቹ አጉረመረሙ፣ ልጄ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ምን ሆንሽ አለችኝ፣ እሱ ደግሞ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ ደም ግፊቴ ተነስቶ እንዳይሆን ሰጋ። ደም ግፊቴ ደህና ነበር። ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

በማግስቱ እሁድ ሚካኤል ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ቤት መግባት አስጠላኝና በዚያው ወደ ፒያሳ ወጣሁ። ፒያሳም ብትሆን የምትወደድ አይደለችም። የድሮዋ ፈርሳ ሌላ ተሠርታለች፤ ሰፊ መንገድ፣ ለብስክሌት ብቻ የተቀባ መንገድ፣ ሲመሽ ቀለሙን የሚቀያይር መብራት፣ ወደ ላይ የሚተፋ ውሃ። ወጣቱ እየተቃቀፈ ፎቶ ይነሳል። የቆሙበት መሬት የማን ወጥ ቤት፣ የማን ምጥ የተያዘበት ጓዳ እንደነበረ አያውቁም፤ ቢነገራቸውም ግድ የላቸው። ፒያሳ ጠፋች እያሉ በየስልኩ የሚያለቅሱትንም ቢሆን አልወዳቸውም፤ አብዛኞቹ ጭቃ ቤት ውስጥ አንድ ክረምት አላሳለፉም፣ ለሃያ አባወራ አንድ የሆነ ሽንት ቤት ፊት ቆርቆሮ ይዘው አልተሰለፉም። እርግጥ ነው፣ ማኪያቶ በስሙኒ ነበር። ጣሊያኑ ባንኮኒው ላይ ብርጭቆውን ሲያኖረው አረፋው አይንቀሳቀስም። ሲኒማ የታችኛው ወንበር ሃምሳ ሳንቲም ነበር፣ ሰይቼንቶ ታክሲ በስሙኒ እስከ አራት ኪሎ ያደርስ ነበር፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሴቱ ተረከዘ ቀጭን ጫማውን አድርጎ ሲወርድ አስፋልቱ ይንጣጣ ነበር። ይሄን እኔም አስታውሳለሁ። ግን ያን ጫማ ማታ ማን ያወልቀው፣ ማን ያጸዳው እንደነበረም አስታውሳለሁ፤ እዚህ ላይ ነው ከሌሎቹ አልቃሾች ጋር የማንስማማው።

ቴዎድሮስ አደባባይ ታክሲ ተሳፈርኩ። ከጎኔ ሃምሳዎቹን ያለፈች፣ ነጭ በነጭ የለበሰች ሴት ተቀምጣ በቀይ ከፋይ የተሸፈነ ነገር ጭኗ ላይ አቅፋለች። ጽዋ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ፤ ማኅበርተኛ ከድግስ ሲመለስ እንዲህ ነው የሚታቀፈው። ታክሲው ሲታጠፍ ከፋዩ ላይ ያለው መስቀል ዞሮ ታየኝ። አንዱ ክንዱ ካንዱ ያጠረ ነው። ሦስቱ ክንዶች በአረንጓዴ ክር የተጠለፉ፣ አጭሩ ግን በቢጫ። ያን መስቀል የጠለፈችው እናቴ ናት። አረንጓዴው ክር አልቆባት፣ ክር የምትገዛበት የአርመኑ ሱቅ ተዘግቶ፣ ማኅበሩ ደግሞ በማግስቱ ስለነበረ በቢጫ ጨረሰችው። ጫፍ ጫፉ ተበልቶ በሌላ ጨርቅ ተቀምቅሟል እንጂ መስቀሉ ራሱ ነው። ሴትዮዋን ጽዋው የማን እንደሆነ ጠየቅኳት። የማኅበራችን ነው፣ መጀመሪያ ያመጣችው ግን አሳዳጊዬ ናት አለችኝ። አሳዳጊሽ ማን ትባላለች አልኳት።

"እማማ ብርቄ።"

ይህን ስም ከሰው አፍ ከሰማሁት ዘመን አልፏል። እማማ ተብሎ ሲጠራ ደግሞ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም።

ግቢያችን ከፒያሳ ቁልቁል ወደ እሪ በከንቱ በሚያወርደው ዳገት አናት ላይ ነበር። የድንጋይ አጥር፣ የብረት በር፣ ሰገነት ያለው የእንጨት ቤት፣ ከጓሮው ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ደግሞ አንዲት ቁጢጥ ያለች ጭቃ ቤት። አባቴ የመሥሪያ ቤት ሹም ነበር። ጠዋት ካፖርቱን ደርቦ ባርኔጣውን አድርጎ ሰገነቱ ላይ ሲቆም ሰው ሁሉ ያማረ ሰው ይለዋል፤ ማማሩም እውነት ነው። የጫማውን ማሰሪያ ግን ጎንበስ ብሎ አስሮት አያውቅም። የምታስርለት ብርቄ ናት። ማታ ሲመለስ የምትፈታውም፣ ውሃ አሙቃ እግሩን የምታጥበውም እሷ ናት። ብርቄን አያቴ ናት ልጅ ሆና ያስመጣቻት። ከየት ብለን ስንጠይቅ ከታች አገር ይሉናል፤ ታች የት እንደሆነ የሚነግረን የለም። ስሟንም ያወጣችላት አያቴ ናት፤ በፊት ማን ትባል እንደነበር የጠየቃት ያለ አይመስለኝም። እኔ ነፍስ ሳውቅ አያቴ ሞታለች፣ ባርነት ቀርቷል የሚለውም አዋጅ ከወጣ ቆይቷል፣ ብርቄ ግን እዚያው ናት። በእኛ ቤት ባሪያ የሚለው ቃል አይነሳም፣ ነውር ነው። የእሜቴ ልጅ ነበር የሚሏት። የእሜቴ ልጅ የምትተኛው በጓሮዋ ጭቃ ቤት መደብ ላይ ነው። ከእኛ ጋር ትበላለች የሚባለውም እኛ በልተን ከተነሳን በኋላ ነው። ትልቁን ሰው ሁሉ ጋሼ፣ እትዬ፣ እማማ እያልን ስናድግ እሷን ብቻ እኛ ጥርስ ያላወጣነው ሳንቀር ብርቄ እያልን እንጠራት ነበር። አንድ ቀን እንግዳ ፊት እትዬ ብርቄ ብላት፣ አብራን ትኖር የነበረችው የአባቴ እህት እትዬ የሺ ጭኔን በቁንጥጫ መዘለገችው። ሕመሙ ሳምንት ቆየ፤ እትዬ የሺን ያን ጊዜ መጥላት ጀመርኩ፣ እስከ ዛሬም አላቆምኩም።

ወንድሜ ሰይፉ የቤቱ በኩር ነው። ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ ቴትሮን ሱሪውን ፍራሹ ሥር አንጥፎ እየተኛበት የሚተኩስ፣ ከሬዲዮ የሰማውን ዘፈን ግጥሙ ሲጠፋው በፉጨት የሚሞላ፣ አጥር ላይ ተቀምጦ ለሚያልፍ ሁሉ ስም የሚያወጣ የአራዳ ልጅ። ታሪክ የሚያስተምራቸው ካገሩ በቅርብ የመጣ አሜሪካዊ ወጣት ነበር፤ ክረምት ከበጋ በሰንደል ጫማ የሚሄድ፣ እንጀራ ሲበላ እስከ ክርኑ ወጥ የሚነካ። ይህ ሰው ስለ አገሩ ጦርነት ማስተማር ሲጀምር ሰይፉ ማታ ማታ በራት ላይ ይተርክልን ነበር። ደቡቦቹ እንዴት ሰው በገበያ እንደሚሸጡ፣ ሰሜኖቹ እንዴት አንቀበልም እንዳሉ፣ የአንድ እናት ልጆች እንዴት በሁለት ጎራ እንደተሰለፉ። አባቴ መጉረሱን ትቶ ያዳምጥ ነበር። ደቡቦቹን አረመኔ ናቸው አላቸው። ሰውን እንደ ከብት ይነዳሉ፣ ክርስቲያን ነን ይላሉ ደግሞ ብሎ ተበሳጨ። ሰሜኖቹ አንድ ከተማ በያዙ ቁጥር ደስ ይለው ነበር፤ የራሱን ጦር ወሬ የሚሰማ ይመስል። ይህን ሁሉ ሲል ብርቄ ማስታጠቢያውን ይዛ ከኋላው ቆማለች። ማንኛችንም ምንም አልታየንም፣ እኔም አልታየኝም፤ የበር መቃን እዚያ ለምን ቆመ ብሎ የሚያስብ የለም።

አንድ ቀን ሰይፉ ተኮሳትሮ መጣ። መምህሩ ክፍሉን ለክርክር ለሁለት ከፍሎታል፤ በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት ሰሜን፣ በግድግዳው በኩል ያሉት ደቡብ። ሰይፉ ግድግዳው ጋ ነው የሚቀመጠው። ለባሪያ አሳዳሪ ምን ብዬ እሟገትለታለሁ እያለ ሲነጫነጭ አመሸ። አባቴ ሰገነቱ ላይ ወንበር አውጥቶ እግሩን በገበቴ ውሃ ውስጥ ነክሯል፣ ብርቄ ቁጢጥ ብላ ተረከዙን በድንጋይ ትፈገፍግለታለች። ሰይፉ ክርክሩን አስቦ ይሁን ሳያስብ እንጃ፣ አዋጁ ሲወጣ ብርቄ ለምን እንዳልሄደች አባቴን ጠየቀው። አባቴ አልተቆጣም። በደህና ሰው ድምፅ፣ እሷ አጠገቡ የሌለች ይመስል መለሰለት።

"የት ትሄዳለች? ቤት የላት፣ ዘመድ የላት። ያሳደግናት፣ ያለበስናት፣ ክርስትና ያስነሳናት እኛ ነን። ሂጂ ብንላትም ራሷ አትሄድም። እንደ ቤተሰባችን ናት እኮ።"

ብርቄ እግሩን አደራረቀችና ውሃውን ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች። ሰይፉ በበነጋው ክፍሉ ፊት ቆሞ የአባቴን ቃል አንድ በአንድ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ እሷ የሚለውን እነሱ ብሎ ከመለወጥ በቀር የጨመረው የለም። ቤት የላቸው፣ ዘመድ የላቸው፣ ራሳቸውም አይሄዱም፣ እንደ ቤተሰባችን ናቸው። ክፍሉ አጨበጨበ። ደቡብ አሸነፈ። አሜሪካዊው ግን ፊቱ ደም መስሎ ይህን ከየትኛው መጽሐፍ እንዳገኘው ጠየቀው። የቅድመ አያቱ ወገኖች ግራጫ ለብሰው የተዋጉ ናቸው፤ ይህ ንግግር እነሱ ቤት ማዕድ ላይ ዛሬም ድረስ ሳይቀየር ይነገራል አለው። ሰይፉ ከመጽሐፍ አይደለም ብሎ ተቀመጠ። ያን ቀን ሳያፏጭ ነው ወደ ቤት የመጣው። አጥሩ ላይ ተቀምጬ አገኘኝና አጠገቤ ቆመ።

"ውቢት" አለኝ፣ "ደቡቦቹ እኛ ነን።"

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ ለካስ ጦርነቱ እዚያች አጥር ላይ ነው የታወጀው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰይፉ የጫማውን ማሰሪያ ራሱ ያስር ጀመር፣ የበላበትን ሳህን ራሱ ያጥብ ጀመር። እትዬ የሺ ወንድ ልጅ ወጥ ቤት ገባ ብላ አማተበች። ብርቄም ራሷ አልወደደችለትም ነበር፤ እጁ እንደማይችል ነግራው ሳህኑን ትነጥቀዋለች። ይህ ሁሉ ገና ጭቅጭቅ ነው። ቤቱን ለሁለት የከፈለው የሚካኤል ማኅበር ተራ እኛ ጋ ሲደርስ የሆነው ነው።

አባቴ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃ ነበር። ማኅበርተኞቹ የሰፈሩ ደህና ደህና ሰዎች ናቸው፤ የአቡጀዲ ነጋዴው አቶ ገብሬ፣ አንድ ሁለት ጸሐፊዎች፣ ጡረታ የወጡ ባላምባራስ፣ ባለቤቶቻቸው፣ ሁሉም በየማዕረጋቸው ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጣሉ። በሥርዓታችን ጽዋውን የሚያሳልፈው የባለ ድግሱ በኩር ነው። ልጁ ጽዋውን ይዞ ተረኛው ፊት ይቆማል፣ ተረኛው ተነስቶ ይሳለመዋል፣ አንዴ ከተሳለመው ጽዋው የእሱ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ማኅበሩ እሱ ቤት ይሰበሰባል። የተሳለሙትን መመለስ መልአኩን ከደጅ መመለስ ነው ብለው ይፈሩ ነበር። ያን ዕለት ተራው የአቶ ገብሬ ነው። ጸሎቱ አልቆ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ሁለት ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ ሰይፉ ጽዋውን አንስቶ መጣ። አቶ ገብሬ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ እጁን ዘረጋ። ሰይፉ አለፈው። ሰውን ሁሉ አልፎ በሩ ጋ ማስታጠቢያና ፎጣ ይዛ የቆመችው ብርቄ ፊት ቆመ። አቶ ገብሬ የዘረጋውን እጅ የት እንደሚያደርገው አጥቶ ነጠላው ውስጥ ከተተው። ብርቄ ሰይፉን አየችው፣ ጽዋውን አየችው። ያን ጽዋ ስንት ዘመን ሙሉ ያጠነችው፣ ያጠበችው፣ ጠላውን የጠመቀችለት እሷ ናት። ማስታጠቢያውን መሬት አኖረች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ጎንበስ ብላ ተሳለመችው፣ ተቀበለችውም። አባቴ ድምፁን ሳያነሳ ብርቄ መልሺ አላት።

"ጌታዬ፣ ተሳልሜዋለሁ" አለችው።

በዚህ ቤት የአባቴን ትእዛዝ አልፈጽምም ያለ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም፤ እሷም እንቢ አላለችም፣ የሆነውን ነው የነገረችው። የማኅበሩ ንስሐ አባት አቀርቅረው መስቀላቸውን ያሻሹ ጀመር። እንግዶቹ አንድ በአንድ እያጉረመረሙ ወጡ። እትዬ የሺ ፊቷን ተከናንባ በአጥንታችን ተጫወተብን ብላ ሰይፉን ረገመችው። ከዚያ ወዲያ ለአንድ ወር በእኛ ግቢ የነበረው ነገር ስሙ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሰላም ግን አልነበረም። አባቴ ሰይፉን ከማዕዱ አገደው፤ ሰይፉ ጓሮ ወርዶ ከብርቄ ጋር መብላት ጀመረ፣ እሷ ደግሞ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ትኩስ ምግብ ከሰው ጋር በላች። አባቴና እትዬ የሺ ሳሎን፣ ሰይፉ ጓሮ፣ እናቴ መሐል ቤት ሆነው ተፋጠጡ። እናቴ አፍ አውጥታ ምንም አላለችም፤ ጌሾው ከጎተራ ሲጎድል፣ ብቅሉ ሲቀንስ ግን እትዬ የሺ አይታ ለአባቴ ነገረች። አባቴ እናቴን በሰው ፊት አንቺም ከዚያ ወገን ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ለሦስት ቀን አልተነጋገሩም። እኔ ከወገን ወገን መልእክት እያመላለስኩ እግሬ ቀጠነ። በሰፈሩ ደግሞ ሌላ ወሬ የለም። ብርቄ ብትደግስ ማን ይሄዳል? ሁሉም የሚጠይቀው ይህን ብቻ ነበር። አቶ ገብሬ በወጥ ቤት ደጅ አልሰየምም ብሎ ምሏል ሲባል ሰማን፤ ባላምባራስ ደግሞ ጽዋው የሚካኤል ነው፣ እኔ የምሄደው ለሚካኤል ነው ብለዋል ተባለ። ንስሐ አባታችን መጣሁም ቀረሁም ሳይሉ ከረሙ። ብርቄ ግን የማንንም ወሬ አልጠየቀችም፤ ጠላዋን ጠመቀች፣ የጭቃ ቤቷን ግድግዳ በአፈር ለቀለቀችው፣ ለሁሉም ማኅበርተኛ የሚበቃ መቀመጫ ከየጎረቤቱ ተዋሰች።

ቀኑ ደረሰ። ብርቄ ለመገነዣዋ ያስቀመጠችውን ነጭ ቀሚስ ለበሰች፤ እንዲህ ለብሳ አይቻት ስለማላውቅ መጀመሪያ እንግዳ ሰው መሰለችኝ። ጠላው ተቀድቶ፣ ዳቦው በመሶብ ተሸፍኖ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ ሰው ይጠበቃል። አባቴ የግቢውን በር ቆለፈና ቁልፉን ካፖርቱ ኪስ ከትቶ ሰገነቱ ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ የገባኝ ተራ ክልከላ መሆኑ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ከሁሉም የማልምርለት ይህን ነው። ማንም አይመጣም ብሎ ቢያምን ኖሮ አይቆልፍም ነበር። የቆለፈው ማን እንደሚመጣ እንዳይታወቅ ነው። ቆየት ብሎ በሩ ተንኳኳ። በእንጨት ነው የሚያንኳኳው፤ የንስሐ አባታችን መቋሚያ መሆኑን ሁላችንም አወቅን። ከኋላቸውም የሰው ድምፅ ነበር፣ ስንትና ማን ማን እንደሆኑ ግን አልታየንም። ብርቄ ከጓሮ ወጥታ ቆመች። ሰይፉ ሰገነቱ ሥር ሄዶ ቁልፉን ለመነ። አባቴ ኪሱን በእጁ ሸፈነ፤ ሰይፉ ደግሞ ለመነው።

"ቤቴን ለሁለት ልትከፍልብኝ ነው?" አለው አባቴ።

"አባባ፣ ተከፍሎ ነው ያገኘሁት።"

አባቴ ተነሳ። ከዚህ ግቢ ውጣልኝ፣ ዳግመኛም እንዳላይህ አለው። ሰይፉ ወደ በሩ ሄዶ ቆመና ለመውጣት እንኳ ቁልፉ ያስፈልገኛል አለ። በሌላ ቀን ቢሆን እንስቅ ነበር። አባቴ ልጁን ለማባረር በሩን መክፈት ነበረበት፤ ካፖርቱ እየተጎተተ ወርዶ ከፈተው። ሰይፉ ወጣ። ከእሱ ኋላ ብርቄ ጽዋውን አቅፋ፣ የዳቦውን መሶብ በራሷ ተሸክማ፣ በዚያ በነጭ ቀሚሷ፣ አባቴን አጠገቡ አልፋ ወጣች። ያን በር ለገበያ ካልሆነ በቀር ወጥታበት አታውቅም። ራሷ አትሄድም የተባለችው ሄደች። አባቴ ሲቆልፈው ከውጭ የነበሩት ሰዎች ተከትለዋት ቁልቁል ወረዱ። ወደ ማታ ላይ ከእሪ በከንቱ፣ ከአንዲት አረቄ ሻጭ በረንዳ፣ የማኅበር መዝሙር ሽቅብ ይሰማ ነበር። እናቴ አጥሩ ሥር ያለችው ድንጋይ ላይ ወጥታ እስኪያልቅ ሰማችው።

ከዚያ በኋላ ቤታችን እንደገና አንድ አልሆነም። አባቴ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር አቅቶት ማሰሪያ የሌለው ጫማ ገዛ፤ ይህን ሳይ የደነገጥኩትን ያህል በሞቱ አልደነገጥኩም። ልጁን ሳይታረቅ ነው የሞተው። እኔን ለደሴ ሰው ዳሩኝና ከአዲስ አበባ ወጣሁ፤ ወጣቱ ሁሉ የሚታፈስበት ያ ዘመን የመጣው እዚያ ሳለሁ ነው። ሰይፉን ሌሊት ከእሪ በከንቱ ወሰዱት የሚል ወሬ ደረሰኝ፣ ከዚያ ወዲህ ወሬም የለም። ስመለስ ብርቄም ሞታለች ተባልኩ። የት እንደተቀበረች የሚያውቅ ከእኛ ወገን አልተገኘም።

ታክሲው ውስጥ የሰይፉ እህት ነኝ ስላት ሴትዮዋ እጄን ይዛ ትከሻዬን ሳመችኝ። ሰናይት ትባላለች። እናቷ ስትሞት ብርቄ ናት አንስታ ያሳደገቻት። ሰፈሩ ሲፈርስ ማኅበርተኛው በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል፤ ያም ሆኖ ጽዋው አንድም ወር ሳይታጎል ከዳር ዳር እየዞረ ነው። ብርቄ ሰይፉን ፍለጋ ስንቅ ይዛ እስር ቤት ለእስር ቤት ስትንከራተት እንደኖረች ነገረችኝ።

"ዘበኞቹ ምኑ ነሽ ሲሏት፣ እናቱ ነኝ ትላቸው ነበር" አለችኝ።

በሚቀጥለው ሚካኤል ባለ ተራዋ ሰናይት ነበረችና ጠራችኝ። ለልጄም ለባሏም የት እንደምሄድ ሳልነግር፣ ከከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ድረስ ሄጄ፣ ደረጃውን እያለከለክሁ ወጣሁ። ግድግዳው ላይ ፒያሳ ከነበሩት ፎቶ ቤቶች በአንዱ የተነሳ ፎቶ ተሰቅሏል። ብርቄ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ሰይፉ ከኋላዋ ቆሟል፣ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ። እሷ ተቀምጣ ሌላው ሲቆም ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ማኅበርተኛው የሸማኔው ልጅ፣ የአረቄ ሻጭዋ ልጅ፣ የኩሊው የልጅ ልጅ፣ ሁሉም እማማ ብርቄ እንዲህ ትል ነበር እያሉ ያወራሉ። አንዲት አሮጊት እኔን አስተዋሉና ሰናይትን ማን እንደሆንኩ ጠየቋት። እኔም የምትለውን ለመስማት ጓጓሁ፤ እዚያ ቤት ውስጥ ብርቄን ግቢያችን ሳለች የማውቃት እኔ ብቻ ነኝ፣ መስቀሉን የጠለፈችው እናቴ ናት፣ ፎቶው ላይ ያለው ወንድሜ ነው።

ሰናይት ፈገግ ብላ፣ "እትዬ ውቢት ናቸው፣ እንደ ቤተሰባችን ናቸው" አለች።

ድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረም። በአባቴም ድምፅ ውስጥ አልነበረም። አሮጊቷ በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፣ በሩ አጠገብ አንድ ዱካ ሳቡልኝና እዚያ ተቀመጥኩ። ዳቦ ሰጡኝ፣ ጠላ ቀዱልኝ፣ ማንም አላስከፋኝም። ሲያልቅ የሰናይት ትልቋ ልጅ ጽዋውን አንስታ መጣች። ቢጫው ክንድ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። እኔ ላይ ስትደርስ ከዱካዬ ከፍ ብዬ ነበር፣ እጄንም ዘርግቼ ነበር፣ ሳላስበው። ልጅቷ በትሕትና ጎንበስ ብላ አለፈችኝና ለሚቀጥለው ተረኛ አቀረበችው። የዘረጋሁትን እጅ ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩት።